የሚተነፍሰውን ግዙ፣ የሚያጨሰውን ተዉ

እ.ኤ.አ. በ1984 ሎስ አንጀለስ ኦሊምፒክን ስታስተናግድ፣ ከከተማዋ በስተምሥራቅ ቺኖ አካባቢ በሚገኘው የፕራዶ ተኩስ ሜዳ ለኦሊምፒክ አዲስ የሆነ ውድድር ተካሄደ፤ የ10 ሜትር የአየር ጠመንጃ ተኩስ። በወንዶች ፈረንሳዊው ፊሊፕ ኤበርሌ፣ በሴቶች የ18 ዓመቷ አሜሪካዊት ፓት ስፐርጂን ወርቁን ወሰዱ። ኢትዮጵያ በዚያ ዓመት ከሶቪየት ኅብረት ጋር ወግና ስለቀረች ባንዲራችን በሜዳው አልነበረም። የአየር ጠመንጃ ግን ከዚያ ወዲህ ከኦሊምፒክ ወጥቶ አያውቅም፤ በ2028 ደግሞ ኦሊምፒኩ ወደዚሁ ከተማ ይመለሳል። ዛሬ ተወዳዳሪዎቹ ከ10 ሜትር ርቀት የሚያነጣጥሩባት የመሃል ነጥብ ስፋቷ ግማሽ ሚሊ ሜትር ብቻ ነው።

ይህን የማነሳው ፌርፋክስ መንገድ ላይ፣ በትንሿ ኢትዮጵያ፣ ቡና ላይ ተቀምጠን ስለ አየር ጠመንጃ በተነሳ ቁጥር “እሱማ የልጅ መጫወቻ ነው” የሚል ሰው ስለማይጠፋ ነው። የምንሽርና የዲሞፍተር ወሬ እየሰማ ያደገ ሰው ባሩድ የሌለውን መሣሪያ ቢንቅ አይገርምም። ንቀቱ ግን ሁለት ጉዳት ያመጣል፤ የሚንቀው ሰው ሲይዘው አይጠነቀቅም፣ ሲገዛውም አይመረምርም። ያገለገለ የአየር ጠመንጃ ከግለሰብ እጅ ለመግዛት የሚያስቡ ወገኖች እየበዙ ስለመጡ፣ ስለ ሁለቱም መናገር አለብኝ።

አሠራሩ ቀላል ነው፤ በባሩድ ፋንታ የታመቀ አየር እርሳሱን ይገፋዋል። ዓይነቱ አራት ነው፦ ባለ ሞላ፣ በእጅ እየተነፋ የሚሞላ፣ ባለ 12 ግራም የካርቦን ዳይኦክሳይድ ቀለህ የሚጎርስ፣ እና ከቦምቦላ ወይም ከኮምፕረሰር አየር የሚቀዳ። የተለመደው የእርሳስ ልክ 4.5 እና 5.5 ሚሊ ሜትር ነው። በ18ኛው ክፍለ ዘመን የኦስትሪያ ጦር ሃያ ያህል ጥይት የሚጎርስ የአየር ጠመንጃ ታጥቆ ነበር፤ “መጫወቻ” ለሚሉ ይህ ይበቃል።

አዲሱን ከሱቅ መግዛት ይቻላል። እኔ ግን ያገለገለውን፣ በተለይም የቀድሞውን የጀርመን ሥራ እመርጣለሁ። ኦበርንዶርፍ የማውዘር ፋብሪካ የነበረባት ከተማ ናት፤ አርበኞቻችን ከታጠቋቸው መሣሪያዎች አንዱ የሆነው ማውዘር። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ሁለት የቀድሞ የማውዘር መሐንዲሶች፣ ካርል ቬስቲንገርና ኤርንስት አልተንቡርገር፣ በዚያችው ከተማ ፋይንቨርክባው የተባለውን ድርጅት አቋቋሙ። የዚህ ድርጅት 300ኤስ በተኩሱ ቅጽበት መላ አካሉ በሐዲድ ላይ ወደ ኋላ ስለሚንሸራተት ግፊቱ ትከሻ ላይ አይሰማም። እ.ኤ.አ. በ1972 በሰሜን ካሊፎርኒያ የተመሠረተው ቢማን የተባለው ድርጅት እንዲህ ያሉትን የጀርመን ጠመንጃዎች ወደ አሜሪካ በማስገባት ታወቀ። ስለዚህ በዚህ ግዛት አንድ አባወራ ሲሞት ወይም ቤት ሲለቅ፣ ጋራዡ ውስጥ ከተከመረው ዕቃ መሃል ጥሩ የብረትና የእንጨት ሥራ ብቅ ማለቱ ያለ ነው። ያርድ ሴል የምትዞሩ ሰዎች ዓይናችሁን ክፈቱ።

ሕጉን ባጭሩ ልንገራችሁ። በ1968ቱ የፌደራል ሕግ በባሩድ የማይተኩስ መሣሪያ እንደ ጦር መሣሪያ አይቆጠርም። ካሊፎርኒያ ውስጥ ሽጉጥና ጠመንጃ ከሰው ወደ ሰው ሲዛወር ፈቃድ ባለው ነጋዴ በኩል ማለፉ ግድ ሲሆን፣ የአየር ጠመንጃ ግን ከሻጩ እጅ በቀጥታ ይገዛል። ከ18 ዓመት በታች ላለ ልጅ መሸጥ ወንጀል ነው። ጓሯችሁ ውስጥ ከመተኮሳችሁ በፊት የከተማችሁን ደንብ ጠይቁ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። ሰው ባለ ሞላ ጠመንጃ ሊገዛ ሲሄድ የሚያየው ጉልበቱን ነው። ሻጩ አቀባብሎ ይተኩሳል፤ ጠመንጃው ይጮኻል፣ ከአፈሙዙ ጭስ ይወጣል፣ የቆርቆሮ ጣሳ ይበሳል። ገዢው ይደሰትና ገንዘቡን ይቆጥራል። አንድ የማከብራቸው ጡረተኛ የታክሲ ሹፌር እንዲህ ያለውን ገዝተው ጠሩኝ። “አንተ ልጅ፣ ናና ስማው፤ እንደ ዲሞፍተር ነው የሚያጓራው!” አሉኝ። ሰማሁት። “ጋሼ፣ ይሄ ጠመንጃ እየተቃጠለ ነው” አልኳቸው። ከፍተን ስናየው የፒስተኑ ጎሚኒ ጠርዙ ጠቁሮ ተበልቷል።

ምክንያቱን ናፍጣ መኪና የነዳ ሁሉ ያውቀዋል። የናፍጣ ሞተር ካንዴላ የለውም። አየሩ በድንገት ሲታመቅ ራሱ ይግላል፣ ግለቱ ናፍጣውን ያቀጣጥለዋል፤ ሩዶልፍ ዲዝል በ1890ዎቹ የሠራው ይህንን ነው። ባለ ሞላ ጠመንጃም ምላጩ ሲሳብ ፒስተኑ ወደ ፊት ተወርውሮ አየሩን ከሰከንድ ጥቂት መቶኛ በማይበልጥ ጊዜ ውስጥ ያምቀዋል፣ አየሩም እጅግ ይግላል። ሲሊንደሩ ውስጥ ዘይት ካለ ይነድዳል። ያ ጭስ የጉልበት ምልክት አይደለም፤ ጠመንጃው ያልተሠራበትን ሥራ እየሠራ መሆኑን የሚናገር ነው። ፍንዳታው ፒስተኑን መልሶ ይመታዋል፣ ጎሚኒው ይለበለባል፣ ሞላው ይጣመማል፣ አልፎ አልፎም ይሰበራል።

ድምፁንም በትክክል ስሙት። የቡሄ ጅራፍ የሚጮኸው ጫፉ ከድምፅ ስለሚፈጥን ነው። እርሳስም ከድምፅ ከፈጠነ እንዲሁ ይጮኻል። ደኅና ባለ ሞላ ጠመንጃ 4.5 ሚሊ ሜትር እርሳስ ሲተኩስ አብዛኛውን ጊዜ ፍጥነቱ ከድምፅ በታች ነው፤ ስለዚህ ድምፁ የታፈነ “ዱብ” ነው። እንደ ጅራፍ ከጮኸ ወይ በጣም ቀላል የሆነ እርሳስ ተጎርሶለታል፣ ወይም ዘይት እየነደደ ነው። ከድምፅ ወሰን አጠገብ የሚበር እርሳስ ደግሞ ስለሚናወጥ ኢላማውን ይስታል። የሚያጓራ ጠመንጃ ገዝቶ አይመታልኝም ብሎ የሚያማርር ሰው ስንቱን አየሁ።

ዘይቱ ከየት መጣ? አብዛኛውን ጊዜ ከተንኮል አይደለም። ሻጩ ለዓመታት የተቀመጠውን ጠመንጃ ከመሸጡ በፊት “ላለስልሰው” ብሎ ደብሊው ዲ ፎርቲ ይነፋበታል ወይም የመኪና ዘይት ያንጠባጥብበታል። በሲሊንደሩ ቀዳዳ የገባ ዘይት ሁሉ ነዳጅ ነው። እባካችሁ፣ ጠመንጃ የምትወዱ ሰዎች፣ ይህን ተዉ! ብረቱን ከውጭ በዘይት በረጠበ ጨርቅ ማበስ ይበቃል። ከዚህ ሕግ የሚወጣው በድሮ ጠመንጃዎች የሚገኘው የቆዳ ጎሚኒ ነው፤ ቆዳ ሲደርቅ ስለሚኮማተር ጥቂት ጠብታ ተስማሚ ዘይት ሰጥቶ አንድ ሌሊት ማሳደር ያስፈልገዋል። እሱም ቢሆን መጀመሪያ ላይ ጥቂት ቢያጨስ ነው።

ስለዚህ ስትገዙ የራሳችሁን እርሳስ ይዛችሁ ሂዱ፤ ሻጩን አስፈቅዳችሁ ደግማችሁ ደጋግማችሁ ተኩሱ። በመጀመሪያዎቹ ጥይቶች ቀጭን ጭስ ቢታይ አትደንግጡ፤ ከአምስተኛው በኋላ ጭሱም የተቃጠለ ዘይት ሽታውም መጥፋት አለበት። የፍጥነት መለኪያ ያለው ወዳጅ ካላችሁ ውሰዱት። ቁጥሩ ከተኩስ ተኩስ እጅግ የሚዘልል ከሆነ ዘይት እየነደደ ነው፤ የደኅና ጠመንጃ ፍጥነት የሚለያየው በጥቂቱ ነው። ጣሳ መብሳቱን ተዉት፤ ወረቀት ላይ እርሳሶቹ ምን ያህል ተጠጋግተው እንደሚያርፉ ተመልከቱ።

ተቃራኒው ጠመንጃ ግን ይወደድ። ድምፁ የደከመ፣ እርሳሱ በዝግታ የሚበር፣ ሻጩም “ይተነፍሳል፣ አርጅቷል” ብሎ በርካሽ የሚለቀው ማለቴ ነው። የፋይንቨርክባው 124 የመጀመሪያ ጎሚኒ በዕድሜ ብዛት ቡናማ ፍርፋሪ ሆኖ እንደሚበታተን በሙያው ያሉ ሁሉ ያውቁታል። አዲስ ጎሚኒ ይሸጥለታል፤ ዋጋውም ከጠመንጃው ዋጋ ጋር አይወዳደርም። አፈሙዙ ቀጥ ያለ፣ ሰደፉ ያልተሰነጠቀ፣ ብሎኖቹ በመጥፎ ካቻቢቴ ያልተበሉ ከሆነ፣ እየተነፈሰም ቢሆን ግዙት። ራሳችሁ ለመፍታት ግን አትቸኩሉ። ሞላው ታፍኖ ስለተቀመጠ ያለ ሞርሳ ወይም ያለ ማሰሪያ የሚፈታውን ሰው ፊቱን ሊመታው ይችላል።

ከአገር ቤት ይዘነው የመጣነው አንድ ልማድም አለ፤ ጠመንጃን ባዶውን አቀባብሎ ምላጩን “ቀጭ” አድርጎ መሞከር። ምንሽር ይህን ይችላል፤ ባለ ሞላ የአየር ጠመንጃ አይችልም። እርሳስ በአፈሙዙ ካለ አየሩ ከፊቱ ስለሚታመቅ ፒስተኑ ትራስ ያገኛል። ባዶ ከሆነ ፒስተኑ የሲሊንደሩን ጫፍ በኃይል ይገጫል። ሻጩ ፊት አንስተው ባዶውን የሚያስጮኹ ገዢዎች ገና ያልገዙትን ዕቃ እያበላሹ ነው። እርሳስ ሳይጎርስ ምላጭ አይሳብ።

አፈሙዙ እየተሰበረ ከሚቀባበለው ዓይነት ጋር አንድ ጥንቃቄ ይጨመር። ሲቀባበል አፈሙዙን አጥብቃችሁ ያዙ። ምላጩ በድንገት ከለቀቀ አፈሙዙ ተመልሶ ጣት ይቆርጣል፣ ራሱም ወደ ላይ ይጎብጣል። ከጎን ሆናችሁ አፈሙዙን በዓይናችሁ ብትከተሉት ጉብጠቱ ይታያል። በመገጣጠሚያው ላይ ስስ ወረቀት አድርጋችሁ ተኩሱ፤ ወረቀቱ ከዘለለ በመገጣጠሚያው ያለችው ትንሿ ጎሚኒ አልቃለች፣ እሷ ደግሞ በቀላሉ ትቀየራለች። መነጽር ከተገጠመለት የአየር ጠመንጃ መነጽር መሆኑን ጠይቁ። ባለ ሞላ ጠመንጃ ወደ ኋላ ገፍቶ ወዲያው ወደ ፊት ስለሚመለስ ለባሩድ ጠመንጃ የተሠራ ጥሩ መነጽር እንኳ ይሰበርበታል።

ስለ ሌሎቹ ዓይነቶች ብዙ አልልም። እንደ ክሮስማን፣ ቤንጃሚንና ሸሪዳን ያለውን በእጅ የሚነፋ ስትገዙ ሻጩ ከመድረሳችሁ ከሰዓታት በፊት ያለ እርሳስ ጥቂት ነፍቶ እንዲያስቀምጠው ጠይቁ፤ ስትደርሱ አየሩ ካለ ቫልቮላው ደኅና ነው። ይህ ዓይነት ባዶውን ቢተኮስ አይጎዳም፤ ሲቀመጥም አንድ ጊዜ የተነፋ አየር ቢቀርለት አቧራ አይገባበትም። ከቦምቦላ የሚቀዳው 200 ባር ያህል ግፊት ስለሚይዝ ቦምቦላው ላይ የተመታውን የፍተሻ ቀን አንብቡ። አሜሪካ ውስጥ የመጥለቂያ ቦምቦላ በየ5 ዓመቱ ይፈተሻል። ቀኑ ያለፈበትን ወይም የተቧጨረውን ለመሙላት አትሞክሩ። እንደ ዴዚ ሬድ ራይደር ያለው የብረት ኳስ የሚተኩሰው ደግሞ ኳሱ ከጠንካራ ነገር ነጥሮ ስለሚመለስ ያለ ዓይን መከላከያ አይነካ።

የምትገናኙበትን ቦታ ምረጡ። ካሊፎርኒያ ጦር መሣሪያ የሚመስልን ነገር በአደባባይ ገልጦ መያዝን ይከለክላል፤ ሕጉም ያለ ምክንያት አልወጣም። እ.ኤ.አ. በ2013 ሳንታ ሮዛ ውስጥ የፕላስቲክ ፍሬ የሚተኩስ የክላሽንኮቭ አምሳያ ይዞ ሲሄድ የነበረ የ13 ዓመት ልጅ በሸሪፍ ባልደረባ ተገድሏል። ከሩቅ ያየው ሰው ባሩድ ይኑረው አይኑረው ሊያውቅ አይችልም። የእኛ ልጅ ቢሆን ደግሞ ለጥርጣሬው የበለጠ የተጋለጠ ነው። ስለዚህ ፌርፋክስ ላይ፣ ምግብ ቤት በር ላይ ወይም መኪና ማቆሚያ ውስጥ ሳጥን ከፍታችሁ አትደራደሩ። የሻጩ ጋራዥ ወይም ግቢ ይሁን፤ ጠመንጃው በመያዣው ውስጥ ተሸፍኖ ይሂድ፣ ተሸፍኖ ይምጣ። ቤት ሲገባም እርሳሱ ለብቻው፣ ጠመንጃው ለብቻው ይቆለፍ። ከአፈሙዙ የሚወጣው እርሳስ ትንሽ ቢሆንም ዓይን ያጠፋል፣ ሰውም ሊገድል ይችላል፤ ልጅ የሚተኩሰው አዋቂ አጠገቡ ቆሞ ብቻ ነው።

ሻጭ ለሆናችሁም አንድ ቃል አለኝ። ጠመንጃችሁ ከደከመ ደክሟል በሉ፤ ዘይት አታጠጡት። የሚያውቅ ገዢ ለደከመው ተገቢውን ዋጋ ይከፍላችኋል፤ የማያውቀውን በጭስ ማታለል ደግሞ ሌላ ሰው ለዓመታት ሊጠቀምበት የሚችለውን ጥሩ ዕቃ መግደል ነው። ገዢዎችም ድምፅ አትግዙ። ቀጥ ያለ አፈሙዝ፣ ጤነኛ ሰደፍና እውነቱን የሚናገር ሻጭ ካገኛችሁ፣ የቀረው የጎሚኒ ጉዳይ ነው።