አዲስ ፖሊሽ ከተደረገ መኪና ላይ አቧራ ማንሳት

አዲስ ፖሊሽ ከተደረገ መኪና ላይ አቧራ ማንሳት ከመኪና አያያዝ ሥራዎች አንዱ ሲሆን፣ ዓላማው በሚያብረቀርቀው ቀለም ላይ ያረፈውን አቧራ ጭረት ሳይፈጥሩ ማስወገድ ነው። ሥራው ቀላል ቢመስልም፣ በመኪና ቀለም ላይ ከሚታዩት ቀጫጭን ጭረቶች ብዙዎቹ የሚፈጠሩት መኪናው በሚጸዳበት ጊዜ ነው። ቀለሙ ላይ ዝም ብሎ የተቀመጠ አቧራ አይጭርም፤ የሚጭረው በጨርቅና በእጅ ግፊት ሥር ሆኖ ሲጎተት ነው። በመሆኑም የማጽጃ ዘዴዎቹ ሁሉ አንድ ቅደም ተከተል አላቸው፦ መጀመሪያ ሳይነኩ ማራገፍ፣ ቀጥሎ በውኃ ማላቀቅ፣ በመጨረሻ ብቻ በጨርቅ መንካት።

የቀለሙ ንብርብሮች

የዘመናዊ መኪና ቀለም አንድ ወጥ አይደለም። ከብረቱ ቀጥሎ ዝገት የሚከላከል ንብርብር፣ በላዩ መሠረት ቀለም፣ ከዚያ የመኪናው መልክ የሆነው ቀለም፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ቀለም የሌለው ግልጽ ልባስ ይገኛል። ይህ አሠራር በስፋት የተለመደው ከ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ወዲህ ነው። መኪናውን የሚያንጸባርቀውና ከሥሩ ያለውን ቀለም ከፀሐይ የሚከላከለው ግልጹ ልባስ ነው።

የግልጹ ልባስ ውፍረት አብዛኛውን ጊዜ ከ35 እስከ 50 ማይክሮሜትር ይደርሳል። አንድ ማይክሮሜትር የሚሊሜትር አንድ ሺህኛ ነው። አንድ ተራ የማተሚያ ወረቀት ወደ 100 ማይክሮሜትር ስለሚወፍር፣ ልባሱ የወረቀቱን ግማሽ እንኳ ላይሞላ ይችላል። ፖሊሽ ጭረትን የሚያጠፋው ይህን ልባስ በጥቂቱ ፍቆ በማስተካከል ነው። የተፋቀው አይተካም። ስለዚህ ከፖሊሽ በኋላ በጽዳት ስህተት የሚመጣ እያንዳንዱ ጭረት ውሎ አድሮ ሌላ ፖሊሽን፣ ማለትም ከልባሱ ሌላ መቀነስን ይጠይቃል።

አቧራ ለምን ይጭራል?

የመንገድ አቧራ የአፈር፣ የአሸዋ፣ የጎማ ብናኝ፣ የጥላሸትና የዕፅዋት ቅንጣቶች ድብልቅ ነው። ለቀለም አደገኛ ከሆኑት ዋናው በአሸዋ ውስጥ በብዛት የሚገኘው ኳርትዝ የተባለ ማዕድን ነው። ጀርመናዊው የማዕድን ተመራማሪ ፍሪድሪክ ሞዝ ባወጣው ከ1 እስከ 10 የሚደርስ የጥንካሬ መለኪያ ኳርትዝ 7ኛ ደረጃ ላይ ይገኛል። ተራ የመስኮት መስታወት ወደ 5.5 ነው፤ የመኪናው ግልጽ ልባስ ደግሞ የፕላስቲክ ዓይነት በመሆኑ ከመስታወትም ይለሰልሳል። በኳርትዝ ቅንጣት ላይ ጨርቅ አድርጎ መጫንና መጎተት በጣም ደቃቅ በሆነ ብርጭቆ ወረቀት እንደ መፈግፈግ ይቆጠራል።

ጭረቶቹ በፀሐይ ወይም በአምፖል ብርሃን ሲታዩ የሸረሪት ድር ይመስላሉ። ይሁን እንጂ ክብ ሆነው የሚታዩት በእውነት ክብ ስለሆኑ አይደለም። ጭረቶቹ በየአቅጣጫው የተሰመሩ ናቸው፤ ከመካከላቸው ብርሃኑን ወደ ተመልካቹ ዓይን የሚመልሱት ግን የነጸብራቁን ዙሪያ ተከትለው የተሰመሩት ብቻ ናቸው። ጥቁርና ሌሎች ደማቅ ያልሆኑ ቀለሞች ራሳቸው ጥቂት ብርሃን ስለሚመልሱ፣ ከጭረቱ የሚበተነው ብርሃን በእነሱ ላይ ጎልቶ ይታያል። ነጭ መኪና ያን ያህል ጭረት ያለበት የማይመስለውም በዚሁ ምክንያት ነው።

መኪናው በፍጥነት ሲጓዝ ነፋሱ አቧራውን ሁሉ አያራግፈውም። ወደ ገጹ እየቀረቡ በሄዱ ቁጥር የአየሩ ፍጥነት ይቀንሳል፤ ገጹን በሚነካበት ቦታ አየሩ ከመኪናው ጋር ሲነጻጸር እንደ ቆመ ይቆጠራል። ትልልቆቹ ቅንጣቶች ከዚህ ስስ የአየር ንብርብር በላይ ስለሚወጡ ይነሳሉ፤ ደቃቆቹ ግን በውስጡ ተደብቀው ይቀራሉ።

ከፖሊሽ በኋላ ያለው ሁኔታ

ፖሊሽ የተደረገ ገጽ ሁለት ዓይነት ብናኝ ይይዛል። አንደኛው ከፖሊሹ የሚቀረው ደረቅ ዱቄት ሲሆን፣ በበርና በኮፈን መጋጠሚያዎች እንዲሁም በመብራት ዙሪያ ይከማቻል። ሁለተኛው ከአየር ላይ የሚያርፈው አቧራ ነው። በተጨማሪም ፖሊሽ ቀድሞ የነበረውን የሰም ሽፋን ስለሚያስወግድ፣ አዲስ ሰም እስኪቀባ ድረስ ገጹ እርቃኑን ነው። ገጹን በደረቅ ጨርቅ ደጋግሞ ማሸት ደግሞ የኤሌክትሪክ ሙል ይፈጥራል፤ ይህም በአየር ላይ ያለውን ብናኝ መልሶ ይስባል። ተጠርጎ ያለቀ መኪና ወዲያው አቧራ የሚለብሰው አንዳንዴ ከዚህ የተነሳ ነው።

የማጽጃ ዘዴዎች በቅደም ተከተል

1. በአየር ማራገፍ። ንጹሕ አየር በኮምፕሬሰር ወይም በንፋስ መንፊያ መሣሪያ ከመጋጠሚያዎቹ ጀምሮ ወደ ውጭ ይነፋል። ከኮምፕሬሰሩ ውስጥ ዘይትና ውኃ ከአየሩ ጋር ሊወጣ ስለሚችል አስቀድሞ በሌላ ቦታ ላይ መሞከር ይገባል።

2. በውኃ ማጠብ። ከጣሪያ ወደ ታች በቂ ውኃ እንዲፈስ ይደረጋል። በዚህ ደረጃ እጅም ሆነ ጨርቅ ገጹን አይነካም። ሥራው በጥላ ሥር፣ ብረቱ ሳይሞቅ መከናወን አለበት፤ በሞቀ ገጽ ላይ የደረቀ ውኃ የማዕድን ነጠብጣብ ይተዋል።

3. በሁለት ባልዲ ማጠብ። በአንዱ ባልዲ የመኪና ሻምፖ፣ በሌላው ንጹሕ ውኃ ይቀመጣል። ማጠቢያው ከመኪናው ሲመለስ በመጀመሪያ በንጹሑ ውኃ ይለቀለቃል፤ ከዚያ ወደ ሻምፖው ይገባል። ሻምፖው ቅንጣቶቹን ከቀለሙ ከማላቀቁ በላይ በጨርቁና በቀለሙ መካከል አሙለጭላጭ ሽፋን ይሆናል። ቸርኬና የበሩ የታችኛው ክፍል በመጨረሻ፣ በሌላ ጨርቅ ይታጠባሉ።

4. ማድረቅ። ንጹሕ የማይክሮፋይበር ፎጣ በገጹ ላይ ተዘርግቶ ውኃውን እንዲመጥ ይደረጋል ወይም ሳይጫኑት በቀስታ ይሳባል።

ውኃ በማይበቃበት ቦታ ለቀላል አቧራ ብቻ የሚያገለግል ማለስለሻ ፈሳሽ በገጹ ላይ በደንብ ይረጫል፤ ከዚያም በማይክሮፋይበር ጨርቅ በአንድ አቅጣጫ ይጠረጋል። ጨርቁ ለአራት ሲታጠፍ ስምንት ንጹሕ ገጾች ይሰጣል፤ ከእያንዳንዱ ጠረጋ በኋላ ወደ አዲስ ገጽ መገልበጥ ያስፈልጋል። መሬት ላይ የወደቀ ጨርቅ ሳይታጠብ ወደ ቀለሙ አይመለስም።

የላባ ማራገፊያም የራሱ ቦታ አለው። በአንዳንድ የመኪና ፋብሪካዎች ቀለም ከመቀባቱ በፊት ብናኝ የሚነሳው በሰጎን ላባ በተሠሩ ተሽከርካሪ ብሩሾች ነው። ይሁንና በመንገድ ላይ የዋለ መኪና አሸዋ ወይም የደረቀ ጭቃ ካለበት፣ ላባም ቢሆን ቅንጣቱን ይጎትተዋል።

በኢትዮጵያ ከተሞች

በረጅሙ የበጋ ወራት ከጠጠር መንገዶችና ከግንባታ ቦታዎች የሚነሳው አቧራ መኪናን በአንድ ቀን ይሸፍናል። ጠዋት ጠዋት መኪናን በደረቅ መወልወያ ጨርቅ መወልወል የተለመደ ቢሆንም፣ ቀለምን ከሚጎዱ ልማዶች ዋነኛው ነው። በአንድ ባልዲ ውኃና በአንድ ጨርቅ መኪናውን ሙሉ ማጠብም ተመሳሳይ ውጤት አለው፤ ከቸርኬው የተነሳው አሸዋ በዚያው ጨርቅ ወደ ኮፈኑ ይመለሳል። በላቫጆ የሚያሳጥብ ባለመኪና መጀመሪያ በውኃ ብቻ በደንብ እንዲታጠብለትና የራሱ ንጹሕ ጨርቅ ጥቅም ላይ እንዲውል ቢጠይቅ ጉዳቱን ይቀንሳል።

የሲሚንቶ ብናኝ ልዩ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ሲሚንቶ ከእርጥበት ጋር ሲገናኝ ስለሚጠነክር፣ በጤዛ ወይም በጥቂት ውኃ ረጥቦ ሳይጣበቅ በአየር ማራገፍ፣ ቀጥሎም በብዙ ውኃ ማጠብ ያስፈልጋል። አቧራ ባለበት መኪና ላይ ሸራ ማልበስም አይመከርም፤ ነፋስ ሸራውን ባንቀሳቀሰ ቁጥር ከሥሩ ያለው አቧራ ቀለሙን ይፈገፍጋል።

መከላከያ ሽፋኖች

ፖሊሽ ከተደረገ በኋላ ገጹ በሰም ወይም በሰው ሠራሽ ሽፋን ይሸፈናል። ከታወቁት ሰሞች አንዱ ብራዚል ውስጥ ከሚበቅል የዘንባባ ዓይነት ቅጠል የሚገኘው ካርናውባ ነው። ሽፋኑ ገጹን ስለሚያለሰልስ አቧራ በውኃ በቀላሉ ይለቃል። ነገር ግን ሰምም ሆነ ሴራሚክ የሚባለው ሽፋን ቀለሙን ፈጽሞ እንዳይጫር አያደርገውም፤ በደረቅ ጨርቅ ከተጠረገ እርሱም ይጫራል። ጭረት ከተፈጠረ ሰም ለጊዜው ሊሸፍነው ይችላል፤ የሚያጠፋው ግን ፖሊሽ ብቻ ነው። ልባሱ እየሳሳ ሲያልቅ ቀለሙ በፀሐይ ይደበዝዛል፤ የሚቀረውም መፍትሔ መኪናውን እንደገና ቀለም ማስቀባት ነው።