ፈር ቀዳጇን ሴት በቤተሰባችን ታሪክ ውስጥ እንዴት እናገኛታለን?



በካምፕ ተወልደው የሚያድጉ ብዙ ልጆች የአያቶቻቸውን አገር አላዩም። አንዳንዶቹ የአባታቸውን ወገን እስከ ሰባት ቤት ይቆጥራሉ። የእናታቸውን እናት ስም ሲጠየቁ ግን ዝም ይላሉ። የዘር ቆጠራችን በአብዛኛው በአባት በኩል ስለሚሄድ ሴቶቹ ይረሳሉ። በዚህ እትማችን የአንዲትን ሴት ሕይወት ፈልጎ ማግኘት እንዴት እንደሚቻል እናብራራለን።

ታሪካቸው የተጻፈላቸው ሴቶች አሉ። ወይዘሮ ስንዱ ገብሩ በስዊዘርላንድ ተምረው ወደ አገራቸው ተመለሱ። በጣሊያን ወረራ ጊዜ ከጥቁር አንበሳ አርበኞች ጋር ተሰልፈው ተማረኩ፤ በጣሊያን አገርም በአዚናራ ደሴት ታሰሩ። ከነጻነት በኋላ የእቴጌ መነን ትምህርት ቤትን መርተዋል። በ1950 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. በ1957) ተመርጠው ፓርላማ የገቡ የመጀመሪያዋ ኢትዮጵያዊት ናቸው።

ፈር ቀዳጅ የምትባለው ግን ፓርላማ የገባች ሴት ብቻ አይደለችም። ከቤተሰቡ መጀመሪያ ፊደል የቆጠረችው፣ መጀመሪያ ከተማ ወጥታ የነገደችው፣ ልጆቿን ይዛ መጀመሪያ ድንበር የተሻገረችውም ፈር ቀዳጅ ናት። የእርሷን ታሪክ ለማግኘት የሚከተሉትን እንድታደርጉ እንመክራለን።

1. ስሟን በሙሉ ጻፉ። ሴት ስታገባ የአባቷን ስም ስለማትለውጥ አባቷን በስሟ ማወቅ ይቻላል። የክርስትና ስም ካላት እርሱንም ጠይቁ። በአንዳንድ አካባቢ አማት ለሙሽራይቱ ሌላ ስም ስለምታወጣ፣ አንዲት ሴት በሁለትና በሦስት ስም ልትታወቅ ትችላለች።

2. ዓመተ ምሕረቱን ሳይሆን ድርጊቱን ጠይቁ። «መቼ ተወለዱ?» ቢሏቸው ብዙ እናቶች አያውቁትም። «የመሬት አዋጁ ሲታወጅ ምን ላይ ነበሩ?» ሲባሉ ግን ያስታውሳሉ። አዋጁ የወጣው የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. ነው። አንዲት እናት «ያን ጊዜ የበኩር ልጄን ወልጄ አራስ ነበርኩ፤ በ15 ዓመቴ አግብቼ በሁለተኛው ዓመት ወለድኩ» ካሉ፣ የተወለዱት በ1950 ዓ.ም. ገደማ ነው።

3. የዘመን አቆጣጠሩን ለዩ። ወደ አውሮፓ አቆጣጠር ስትለውጡ ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ 7፣ ከዚያ እስከ ጳጉሜን 8 ዓመት ጨምሩ። በመመዝገቢያ ቅጽ ላይ «ጃንዋሪ 1» ተብሎ የተሞላ የልደት ቀን ብዙ ጊዜ ግምት ነው። ስለዚህ እናታችሁ የሚሉትና ቅጹ ባይስማሙ ሁለቱንም በደብተራችሁ ጻፉ።

4. መንገዷን ተከተሉ። የተወለደችበትን፣ የተዳረችበትንና የተሰደደችበትን ቦታ በቅደም ተከተል መዝግቡ። በየቦታው ማን ጎረቤቷ እንደነበረ ጠይቁ። አንዷ የዘነጋችውን ሌላዋ ታስታውሰዋለች።

5. አታስጨንቋቸው። ስለ ጦርነት፣ ስለ እስርና ስለ ሞተ ልጅ መናገር የማይፈልጉ እናቶች አሉ። ዝም ሲሉ ወሬውን ለውጡ፤ ሌላ ቀን ተመለሱ።

ለዚህ ሥራ አንድ ደብተርና አንድ እስክርቢቶ ይበቃል። ስንሰደድ የደብሩን መዝገብም የዘመዶቻችንን መቃብርም ትተን መጥተናል። አሁን በእጃችን ያለው አረጋውያን እናቶቻችን የሚያስታውሱት ብቻ ነው። እነርሱ ካለፉ በኋላ የምንጠይቀው ሰው አይኖርም። ስለዚህ ዛሬ ማታ ቡናው ሲፈላ ከጎናቸው ተቀምጣችሁ ጠይቋቸው።