ጋስኬቱን ያቃጠለው ዕድሜ አይደለም

አሮጌ ላንድክሩዘር የቴስታታ ጋስኬት ሲያቃጥል ባለቤቱም መካኒኩም ቶሎ የሚደርሱበት ፍርድ «መኪናው አርጅቷል» የሚል ነው። ብዙ ጊዜ ይህ ፍርድ ስህተት ነው። የቴስታታ ጋስኬት ኪሎ ሜትር ስለበዛ ብቻ አይሞትም። የሚገድለው ሙቀት ነው፤ ሙቀቱም የሚመጣው ችላ ከተባለ የማቀዝቀዣ ክፍል ነው።

በአገራችን ገጠር ከሚመላለሱት ላንድክሩዘሮች ብዙዎቹን የሚያንቀሳቅሰው ቶዮታ በ1990 እ.ኤ.አ. ያወጣው ዋን ኤችዜድ የተባለ የናፍጣ ሞተር ነው። ስድስት ሲሊንደር፣ 4,164 ሲሲ፣ ተርቦ የሌለው፤ ብሎኩም ቴስታታውም ካስት አይረን ናቸው። ሁለቱ ሲሞቁ እኩል ስለሚለጠጡ ጋስኬቱን አይፈትጉትም። ብሎኩ ብረት፣ ቴስታታው አሉሚኒየም የሆነበት ሞተር ግን ይህ ዕድል የለውም።

በብሎኩና በቴስታታው መካከል የሚተኛው ጋስኬት ውፍረቱ 2 ሚሊ ሜትር እንኳ አይሞላም። ሥራው ግን ከባድ ነው። ሞተሩ አየሩን ከ22 እጥፍ በላይ ይጨምቃል፤ ጋስኬቱ ከዚያ የሚመጣውን የፍንዳታ ግፊት፣ የራዲያተሩን ውሃና ዘይቱን እያንዳንዳቸውን በየመንገዳቸው ይዞ ያቆያል። ቴስታታው ከልክ በላይ ሞቆ በጥቂቱ ከተጣመመ ቡሎኖቹ ጋስኬቱን እኩል መጫን ያቅታቸዋል፤ በላላው በኩል ጋዝ ይሾልካል፤ የሾለከው ጋዝ ደግሞ መንገዱን ራሱ እያቃጠለ ያሰፋል።

እዚህ ላይ የእኛ ደጋ የራሱ ጠባይ አለው። አዲስ አበባ ላይ ውሃ የሚፈላው ወደ 92 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ ነው። ሞተሩን ከዚህ የሚያድነው የራዲያተሩ ክዳን ነው፤ 0.9 ባር ያህል ግፊት አፍኖ ስለሚይዝ የመፍያውን ነጥብ ከ110 ዲግሪ በላይ ያደርሰዋል። የክዳኑ ላስቲክ ከደረቀ ወይም ስፕሪንጉ ከላላ ያ ሁሉ መከላከያ ይጠፋል። ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ ድልድይ ወርዶ ወደ ደጀን ጭነት ይዞ የሚወጣ መኪና፣ በዚህች ርካሽ ክዳን ምክንያት ቴስታታ ሊያጣ ይችላል። ክዳኑን ከዘይት ማጣሪያ እኩል አክብሮ የሚቀይር ባለመኪና ብዙ አላየሁም፤ ያሳዝነኛል።

ከመንገድ ውጭ ሲነዳ ችግሩ ይብሳል። አሸዋ ውስጥ በአንደኛ ማርሽ የሚያቃስት መኪና ነፋስ አያገኝም፤ ያለው ማራገቢያው ብቻ ነው። የራዲያተሩ ክንፎች በጭቃና በነፍሳት ከተደፈኑ እሱም አያድነውም። ኩላንት ትቶ የቧንቧ ውሃ መሙላት ደግሞ ብሎኩን ከውስጥ ያዝገዋል። በጋለ ሞተር ላይ ቀዝቃዛ ውሃ መድፋትስ? ቴስታታ መሰንጠቅ ነው።

በእርግጥ በዕድሜ የሚያልቁ አሉ። የቫልቭ ክዳን ጋስኬትና የዘይት ሲሎች ጎማ ስለሆኑ መኪናው ቆሞ ቢውል እንኳ ይደርቃሉ፤ ዘይት ሲያንጠባጥቡ መቀየር ነው።

የቴስታታውን ጋስኬት መድከም ለማወቅ ማለዳ፣ ሞተሩ ሌሊቱን ሲቀዘቅዝ ያደረ እንደሆነ፣ ክዳኑን ዘግተው ያስነሡትና የራዲያተሩን የላይኛውን ቱቦ ይጨብጡ። ውሃው ሳይሞቅ ቱቦው በደቂቃ ውስጥ ከጠነከረ፣ ጋዝ ወደ ውሃው እየገባ ነው። የሚፈስ ነገር ሳይታይ ውሃ መጉደሉም፣ ዘይቱ ወተት መምሰሉም የዚያው ወገን ናቸው።

ጥገናው ላይ ችኮላ ጉዳት ነው። ቴስታታው ቶርኖ ቤት ሄዶ በቀጥ ያለ ማስመሪያ ይለካ፣ ስንጥቅም ይፈተሽለት። በብዙ የናፍጣ ሞተሮች ጋስኬቱ በተለያየ ውፍረት ስለሚመጣ፣ ፒስተኑ ከብሎኩ ምን ያህል ብቅ እንደሚል ተለክቶ ይመረጣል። ቡሎኖቹ ከመሃል ወደ ዳር፣ በደረጃ፣ በቶርክ ቁልፍ ይጠበቃሉ፤ «በእጄ አውቀዋለሁ» የሚባልበት ቦታ አይደለም። የድሮ ጋስኬት አስቤስቶስ ሊኖረው ስለሚችል ደረቁን መፋቅና በአየር ማራገፍ ለሳንባ አደገኛ ነው፤ አርጥቦ ማንሣት ይገባል።

አዲሱን ጋስኬት ከመግዛትዎ በፊት ግን ክዳኑን፣ ቴርሞስታቱን፣ የውሃ ፓምፑንና ራዲያተሩን ያስፈትሹ። አሮጌውን ያቃጠለው ምክንያት ሳይገኝ ቴስታታው እንዳይገጠም አደራ።