ዓይን ሲደክም በመዝገብ የሚጻፈው ቃል

ከባሕር ዳር እስከ ወንዛዬ፥ በጣና ሐይቅ ዙሪያ ባሉት ቀበሌዎች፥ የሽማግሌ ዓይን ሲፈዝ «እርጅና ነው» ብሎ መተው የቆየ ልማድ ነው። አንዳንዱ ወደ ጠበል ወይም ወደ ፍል ውሃ ይሄዳል፤ አንዳንዱም ወደ ሐኪም ቤት። ይሁን እንጂ ሐኪም ቤት የደረሰው ሰው የሚያገኘው እርዳታ በካርዱ ላይ ከሚጻፈው ቃል ጋራ በጥብቅ የተያያዘ መሆኑን ብዙዎቻችን አናስተውልም።

እንበል፥ በአንዲት አሮጊት እናት ካርድ ላይ «ዓይናቸው ደካማ ነው» ተብሎ ብቻ ተጽፏል። ከስድስት ወር በኋላ የሚያያቸው ሌላ ሐኪም፥ ዓይናቸው መባሱን ወይም መሻሉን በምን ያውቃል? «6/60» ተብሎ ቢጻፍ ግን፥ ጤነኛ ዓይን በ60 ሜትር ርቀት የሚለየውን ምልክት እርሳቸው የሚለዩት በ6 ሜትር መሆኑን ማንም ሐኪም ይረዳል። ይህ አጻጻፍ የሆላንዱ ሐኪም ስኔለን በ1862 እ.ኤ.አ. ካወጣው ሰሌዳ የመጣ ነው። ፊደል ያልቆጠረ ሰውም ቢሆን፥ የምልክቱ ጣቶች ወዴት እንደሚያመለክቱ በእጁ እያሳየ ይመረመራል።

በዓለም ጤና ድርጅት አመዳደብ መሠረት፥ ከ6/18 ያነሰ ዕይታ መካከለኛ ድካም፥ ከ6/60 ያነሰ ከባድ ድካም፥ ከ3/60 ያነሰ ደግሞ ዕውርነት ይባላል። መነጽር ያለው ሰው መነጽሩን እንዳደረገ ይለካል። በዐሥረኛው የበሽታዎች መዝገብ የዚህ መለያ ቍጥር «ኤች 54» ነው። ነገር ግን ይህ ቍጥር የድካሙን መጠን እንጂ ምክንያቱን አይናገርም። ስለዚህ ምክንያቱ ለብቻው መጻፍ አለበት፤ ትራኮማ «ኤ 71»፥ ትራኮማ ትቶት ያለፈው ጉዳት ደግሞ «ቢ 94.0» ነው። የዓይን ሞራ በቀዶ ሕክምና ይወገዳል፤ ዓይንን የሚወጋው ቆላ ፀጉርም በቀዶ ሕክምና ይስተካከላል፤ ለሌላው መነጽር ይበቃዋል። ምክንያቱ ያልተጻፈለት በሽተኛ ግን ወዴት እንደሚላክ ሳይታወቅ ይቀራል።

በ1998 ዓ.ም. በአገራችን በተደረገው ጥናት፥ ከሕዝቡ 1.6 ከመቶው ዕውር፥ 3.7 ከመቶው ደግሞ ዕይታው የደከመ ሆኖ ተገኝቷል። ከዕውርነቱ ግማሽ ያህሉ ከዓይን ሞራ፥ 11.5 ከመቶው በትራኮማ ምክንያት ከመጣ የዓይን ጠባሳ ነበር። ይህ ሊታወቅ የቻለው መጠኑና ምክንያቱ ተለያይተው ስለ ተመዘገቡ ነው።

እንግዲህ መምህራን ሆይ፥ ሰሌዳውን ማንበብ ያቃተውን ልጅ «ሰነፍ» ብላችሁ ከመጻፋችሁ በፊት፥ አንዱን ዓይኑን ሸፍናችሁ በሌላው በየተራ ፈትኑት፤ ያገኛችሁትንም ጽፋችሁ ወደ ጤና ጣቢያ ላኩት። የከተማ ነዋሪዎችም፥ ዓይናቸው የደከመ ወላጆቻችሁን ካርድና የመድኃኒት ትእዛዝ ድምፃችሁን ከፍ አድርጋችሁ አንብቡላቸው፤ በወፍራምና በጥቁር ቀለም አጕልታችሁም ገልብጡላቸው። የሕፃናትን ፊት በየቀኑ ማጠብንም አንዘንጋ። በትክክል የተጻፈ አንድ መስመር የአንድን ሰው ብርሃን ሊያተርፍ እንደሚችል ሁላችንም ልንገነዘብ ይገባል።