የትኋን ንክሻ ለምን ቶሎ አይድንም?

በጤና ጣቢያ ስሠራ አንዲት እናት የልጅ ልጃቸውን አዝለው መጡ። ትኋን ነክሶት ሲያክ ቢያድር እግሩን ነጭ ጋዝ ቀብተውታል። ሕፃኑን ያቆሰለው ንክሻው ሳይሆን ጋዙ ነበር። አልወቀስኳቸውም፤ እኔም በልጅነቴ ተቀብቻለሁ።

የሚያሳክከው ትኋኑ ሲነክስ የሚተወው ምራቅ ነው። እብጠቱ ከቀናት በኋላም ሊወጣ ይችላል፤ ብዙውን ጊዜ በአንድ ወይም በሁለት ሳምንት ይጠፋል። ከዚያ ካለፈ ወይ በማከክ ቆስሏል፣ ወይ ልጁ ሌሊት ሌሊት እንደ አዲስ እየተነከሰ ነው። ማሳከኩ በጣቶች መሃል ከሆነና ቤተሰቡን ሁሉ ካዳረሰ ደግሞ እከክ ሊሆን ስለሚችል ይታዩ።

ቁስሉ ድኖ የሚቀረው ጥቁር ምልክት ወራት ቢወስድም ይለቃል። ሎሚ አይሹት፤ ፀሐይ ሲያገኘው ቆዳውን ያቃጥላል፣ ይብሱንም ያጠቁረዋል።

ቤት ውስጥ የሚበጀው ቀላል ነው፦ በውኃና በሳሙና ማጠብ፣ በቀዝቃዛ ውኃ የተነከረ ንጹሕ ጨርቅ ለ10 ደቂቃ ማሳረፍ፣ የልጁን ጥፍር ማሳጠር። ከፋርማሲ የሚገኝ ካላሚንም ያስታግሳል። ነጭ ጋዝ፣ በረኪናና የተባይ መርጫ ግን ገላ አይንኩ።

መግል ከያዘ፣ ዙሪያው ካበጠና ከሞቀ፣ ወይም ልጁን ካተኮሰው ወደ ጤና ጣቢያ ይውሰዱት። ፊቱ ካበጠ ወይም መተንፈስ ካቃተው ለደቂቃም አይቆዩ።

ደግሞም አልጋው ካልታከመ ገላው አይድንም። አንሶላውን በፈላ ውኃ ይንከሩ፤ የፍራሹን ስፌትና የአልጋውን ስንጥቅ በፈላ ውኃና በብሩሽ ያጽዱ። ትኋን ሳይበላ ወራት ስለሚቆይ በየሳምንቱ ይድገሙት።