ዘይት በል ጥቃቅን ነፍሳት

ባክቴሪያ ሲባል ብዙዎቻችን ቶሎ የሚታወሰን በሽታ ነው። ነገር ግን የረገፈ ቅጠል በስብሶ አፈር የሚሆነው በእነዚሁ በዓይን በማይታዩ ጥቃቅን ነፍሳት አማካይነት ነው። ከነዚህም መካከል ነዳጅ ዘይትን ሳይቀር የሚመገቡ አሉ።

ለመሆኑ ዘይት እንዴት ይበላል? ድፍድፍ ዘይት በአብዛኛው የካርቦንና የሃይድሮጂን ውሕድ ነው። ባክቴሪያዎቹ በኦክሲጅን እየታገዙ ውሕዱን ሰባብረው ኃይል ያገኙበታል፤ በመጨረሻም ካርቦን ዳይኦክሳይድና ውሃ ይቀራል። እኛም እንጀራ በልተን የምናደርገው ከዚህ ብዙ አይርቅም።

አንድ ምሳሌ እንውሰድ። እ.ኤ.አ. በ1979 በአሜሪካ፣ በሚኒሶታ ግዛት፣ ቤሚጂ ከተማ አጠገብ የዘይት ማስተላለፊያ ቧንቧ ፈንድቶ 1.7 ሚሊዮን ሊትር ያህል ድፍድፍ ዘይት ፈሰሰ። አብዛኛው ቢነሳም 400,000 ሊትር ያህሉ መሬት ውስጥ ቀርቶ ከከርሰ ምድር ውሃ ደረሰ። ተመራማሪዎች ከ1983 ጀምሮ ቦታውን ሲያጠኑ፣ ባክቴሪያዎቹ በውሃው የሟሟውን መርዝ እየበሉ ርቆ እንዳይስፋፋ ሲገቱት አገኙ። የሚገርመው ደግሞ፣ ኦክሲጅን ሲያልቅባቸው በአፈሩ ውስጥ ያለውን የብረት ዝገት በምትኩ እየተጠቀሙ ሥራቸውን መቀጠላቸው ነው።

ሰውም ሊያግዛቸው ይችላል። የተበከለውን አፈር እያገላበጡ አየር ማስገባት፣ እርጥበቱን መጠበቅ፣ ናይትሮጅንና ፎስፎረስ ያለበት ማዳበሪያ መጨመር ሥራውን ያፋጥናል። በ1989 ኤክሶን ቫልዴዝ የተባለችው መርከብ በአላስካ ዘይት ባፈሰሰች ጊዜ በባሕሩ ዳርቻ ላይ ማዳበሪያ የተረጨው ለዚሁ ነበር።

ታዲያ እነሱ ካሉልን ምን ያሳስበናል? እንዲህ ማለት ትልቅ ስሕተት ነው። አንደኛ፣ ሥራው አዝጋሚ ነው፤ በቤሚጂ ከ40 ዓመት በኋላም ዘይቱ ከመሬቱ ተሟጦ አልወጣም። ሁለተኛ፣ ዝገቱ ሲሟሟ አብሮት የነበረው አርሴኒክ የተባለ መርዝ ወደ ውሃው ይለቀቃል። ሦስተኛ፣ እርሳስን የመሰለ ብረት ንጥረ ነገር ስለሆነ የሚሰባብረው ባክቴሪያ የለም።

ነገሩ ለእኛ ሩቅ አይደለም። ከጋራዥ ወጥቶ ሜዳ ላይ የሚደፋ የተቃጠለ ዘይት በጉድጓድ ውሃ አጠገብ ከሆነ ጉዳቱ የሚጠጣው ሕዝብ ነው።

ዕጩ መምህራን ነንና ትምህርቱን በቀላሉ ማሳየት እንችላለን። በሁለት ጣሳ አፈር ውስጥ የጥጥ ጨርቅ ቁራጭ እንቅበር። አንዱን እያረጠብን እናገላብጠው፤ ሌላውን ደረቅ እንተወው። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ተማሪዎቹ ራሳቸው አውጥተው ያወዳድሩ። ጥቃቅኖቹ ሠራተኞች አየርና እርጥበት እንደሚሹ ከዚህ የበለጠ የሚያስረዳ የለም።