እግዚአብሔርን ማወቅና መታዘዝ፦ የጓሳ ሣር ምን ያስተምረናል?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

በመንዝ፣ በግሼና በመርሐ ቤቴ ስለ አፈርና ደን ጥበቃ ከምእመናን ጋር ስንወያይ አንድ ጥያቄ ደጋግሞ ይነሣል። «እኛ እግዚአብሔርን እናውቃለን፤ ጾሙን እንጾማለን፤ በዓሉን እናከብራለን። ታዲያ የእርከንና የችግኝ ነገር ከሃይማኖት ጋር ምን ያገናኘዋል?» የሚል ነው። ጥያቄው ከቅን ልብ የሚመነጭ በመሆኑ በቅንነት ሊመለስ ይገባዋል። መልሱም እግዚአብሔርን ማወቅ ምን እንደ ሆነ ከመረዳት ይጀምራል።

በቅዱሳት መጻሕፍት ዘንድ እግዚአብሔርን ማወቅ መኖሩን ማመን ብቻ አይደለም። አጋንንትም መኖሩን አምነው እንደሚንቀጠቀጡ ሐዋርያው ያዕቆብ በመልእክቱ ምዕራፍ 2 ነግሮናል፤ ይሁን እንጂ አይታዘዙም። ቅዱስ ዮሐንስም በ1ኛ መልእክቱ ምዕራፍ 2 አውቀዋለሁ እያለ ትእዛዙን የማይጠብቀውን ሰው ሐሰተኛ ብሎታል። ነቢዩ ኤርምያስ በምዕራፍ 22 ንጉሥ ኢዮአቄምን የወቀሰው ሰውን ያለ ደመወዝ እያሠራ ያማረ ቤት በማነጹ ነበር። አባቱ ኢዮስያስ ግን ለድሃውና ለችግረኛው ፈርዶ ነበርና፣ እግዚአብሔርን ማወቅ ማለት ይህ እንደ ሆነ ነቢዩ አስረድቷል።

ነቢዩ ሆሴዕ ደግሞ በምዕራፍ 4 ነገሩን ከምድር ጋር ያያይዘዋል። በአገሩ እውነት፣ ምሕረትና እግዚአብሔርን ማወቅ ስለ ጠፋ ምድሪቱ እንደምታለቅስ፣ የዱር አራዊትና የሰማይ ወፎችም እንደሚጠፉ ያስጠነቅቃል። ይህ ማለት ግን ድርቅ ወይም ውርጭ የደረሰበት ገበሬ ሁሉ በኃጢአቱ ተቀጣ ማለት አይደለም። ጌታችን ዕውር ሆኖ ስለ ተወለደው ሰው ሲጠየቅ እንዲህ ያለውን ፍርድ አልተቀበለም። የነቢዩ ቃል የሚያስተምረን የሰው አለመታዘዝ በሰውዬው ላይ ብቻ እንደማይቀር፣ በእግሩ ሥር ያለችውንም ምድር እንደሚጎዳ ነው።

ቋንቋችንም ይህን ይመሰክራል። የማይታዘዝን ልጅ «አይሰማም» እንለዋለን፤ ጆሮው ግን ደኅና ነው። መስማት ድምፅን መቀበል ብቻ ሳይሆን ቃሉን መፈጸምም ነውና።

ለመንዝ ሰው የዚህ ትምህርት ምሳሌ ከደጁ አይርቅም። በመንዝ ጌራ ምድር ወረዳ የሚገኘው ጓሳ 100 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ያህል ስፋት ያለው፣ ቀይ ቀበሮና ጭላዳ የሚኖሩበት ከፍተኛ ቦታ ነው። ስሙን ያገኘው ለቤት ክዳንና ለገመድ ከሚውለው የጓሳ ሣር ነው። አባቶቻችን ይህን የጋራ ሀብት ከ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ እንደ ኖረ በሚነገርለት «ቄሮ» በተባለ ሥርዓት ይጠብቁት ነበር። ጥበቃውን የሚመራ አለቃ ይመረጣል፤ ሣሩ እስኪያገግም ቦታው ለዓመታት ይዘጋል፤ ጊዜው ሲደርስ ይከፈታል፤ ሕግ የጣሰም ይቀጣል። ቤተ ክርስቲያንም ከዚህ ጥበቃ ጋር የተሳሰረች ነበረች።

በእኛ አስተያየት ይህ ሥርዓት የጾም ትምህርት በመስክ ላይ የታየበት ነው። ጾም ማለት እህል ሲታጣ መራብ ሳይሆን፣ በእጅ ያለውን ስለ እግዚአብሔር ብሎ መተው ነው። በማጀቱ ያለውን ቅቤ እስከ ፋሲካ ሳይነካ የሚቆይ ሕዝብ፣ በፊቱ የለመለመውን ሣርም እስከ መክፈቻው ቀን ሳይነካ ሊቆይ ይችላል። በኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 25 እግዚአብሔር ምድር በየሰባተኛው ዓመት እንድታርፍ አዝዟል። እንግዲህ ሰው ሲጾም፣ ምድርም እንድትጾም መፍቀድ ከሃይማኖት ውጭ አይደለም።

ቅዱስ ባስልዮስ የመታዘዝን ሦስት ደረጃዎች ያስተምራል። ባሪያ ቅጣትን ፈርቶ ይታዘዛል፤ ምንደኛ ደመወዙን አስቦ ይታዘዛል፤ ልጅ ግን አባቱን ስለሚወድ ይታዘዛል። በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ የርስትን ሥርዓት ሲያስቀር የቄሮ ሥርዓትም አብሮ ፈረሰ። ጠባቂውን ብቻ ይፈራ የነበረ ሰው ከዚያ በኋላ የሚያግደው አልነበረም። ሆኖም ሕዝቡ ጓሳን ጨርሶ አልተወውም፤ ራሱን እንደ ገና አደራጅቶ ጥበቃውን በመቀጠሉ ቦታው ዛሬ የማኅበረሰብ ጥብቅ ሥፍራ ሆኗል።

ከዚህ በመነሣት ራሳችንን እንመርምር። የዓርብን ጾም መሻሩን ለንስሐ አባቱ የሚናዘዝ ብዙ ነው። የጎረቤቱን ድንበር በአንድ ትልም መግፋቱን፣ በተከለለ ተዳፋት ላይ ሌሊት በሬውን መልቀቁን፣ ወይም የጉልበት ሠራተኛውን ዋጋ ማጉደሉን የሚናዘዝስ ስንት ነው? ድንበር የሚገፋ ርጉም እንደ ሆነ በኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 27 ተጽፏል፤ እግዚአብሔር የሚወደው ጾምም የተጨቆነውን ነፃ ማውጣትና ለተራበው መቍረስ እንደ ሆነ በትንቢተ ኢሳይያስ ምዕራፍ 58 እናነባለን።

ስለዚህ ካህናት አባቶቻችን በስብከታቸውና በንስሐ ምክራቸው ይህን ነገር እንዲያነሡ በትሕትና እናሳስባለን። ምእመናንም በየሰንበቴውና በየማኅበሩ ስለ ተከለለው ተዳፋት ይነጋገሩ። ጾሙንና በዓሉን አትተዉ፤ የመታዘዝ ትምህርት ቤቶች ናቸውና። ነገር ግን በዚያ የተማራችሁትን ወደ እርሻው፣ ወደ ድንበሩና ወደ ገደሉ አፋፍ ይዛችሁ ውጡ። እግዚአብሔርን ማወቃችን የሚታወቀው በዚያ ነው።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።